ገመናችን በልጅ አፍ

አዳማ ውስጥ ጠዋት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ ከወረፋው መካከል ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ማየቱ አይቀርም። ልጁ የመጣው ለራሱ ጉዳይ አይደለም። አጠገቡ ነጠላ ያጣፉ አያቱ ቆመዋል፤ ወይም ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልለው የያዙ አባቱ። ተራቸው ሲደርስ ወደ መስኮቱ የሚንጠራራው እሱ ነው። ባለሙያው ያለውን ሰምቶ ወደ ኋላ ዞሮ ይነግራል፤ የተመለሰለትን ይዞ ደግሞ ወደ ፊት ይዞራል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ “እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነው!” ይላል። እውነት ነው፣ ጎበዝ ነው። ከዚያ አልፎ ልጁ በዚያች ደቂቃ ምን እየተሸከመ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም።

እኔ ነርስ ነኝ። እዚሁ አዳማ ተወልጄ አደግኩ፣ የምሠራውም በአንድ የከተማው ጤና ጣቢያ ነው። አማርኛን ከእናቴ፣ አፋን ኦሮሞን ከሰፈር ልጆችና በኋላም ከባለቤቴ ቤተሰብ ተማርኩ። ስለ ቋንቋ በአገራችን ብዙ ይጻፋል፣ ብዙ ይባላል፤ አብዛኛው ስለ መብትና ስለ ታሪክ ነው፣ ያም ተገቢ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ጠበብ ያለ ነው። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ቤትና ከተማ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለሰው ማን ነው? እስካሁን ካየሁት፣ ልጅ ነው፤ ከልጆችም ብዙውን ጊዜ ትልቋ ሴት ልጅ። እንደ ምግብ ማብሰልና እንደ ልብስ ማጠብ ሥራ ነው፤ ሥራ ብሎ የሚቆጥረው ስለሌለ ግን “ደከመሽ ወይ?” የሚላት የለም። ከዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ ለልጅ ፈጽሞ ልንሰጠው የማይገባን ክፍል አለ ብዬ አምናለሁ።

አዳማ ለምን እንዲህ ሆነች ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ቅርብ ነው። የጅቡቲ ባቡር ያለፈባት፣ የሐረርና የአርሲ መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት። አጠገቧ ያለው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ለአገዳ ሥራ የመጣው ሕዝብ እዚያው ወልዶ ከብዷል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከተማዋ 220,212 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከግማሽ የሚበልጠው አፉን የፈታው በአማርኛ፣ ሩብ ያህሉ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በጉራጊኛና በሌሎች ቋንቋዎች ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ እጅግ ሰፍታለች።

ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ከገጠር ለመጣ ብቻ ይመስለዋል። አዳማ ውስጥ ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ፣ ኦሮሚያ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በ1984 ዓ.ም. በታወጀው ቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በአማርኛ ተምሮ የጨረሰ የሃምሳና የስልሳ ዓመት ሰው፣ አዋጅና ጋዜጣ አገላብጦ የሚያነብ ሰው፣ ከቀበሌ የመጣለትን ደብዳቤ ለማንበብ ልጁን ይጠራል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰፈር፣ ከአርሲ የመጡ አያት አማርኛ ብቻ የሚናገር ሐኪም ፊት ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን አፍ አፉን ያያሉ። ሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ልጅ አለ።

ጎረቤታችን ባለሱቅ ናቸው። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና ሰንደል ይሸጣሉ፤ ዱቤውን በጥቁር ደብተር በአማርኛ ይመዘግባሉ። ሐምሌ ደረጃ ሐ ይባሉ የነበሩ አነስተኛ ግብር ከፋዮች መክፈያ ወር ነበር። አንድ ዓመት በዚያው ሰሞን ደብዳቤ ደረሳቸው። እንደ ልማዳቸው ስምንተኛ ክፍል የምትማረውን ልጃቸውን ጠሩ። አነበበችው፤ ከዚያ “ሐምሌ ሳያልቅ ክፈሉ ነው የሚለው” አለቻቸው። ደብዳቤው ግን ስለ ውዝፍ፣ ስለ ቅጣትና ስለ ወለድ ይናገር ነበር፤ ካልተከፈለ ሱቁ ሊታሸግ እንደሚችልም ይገልጻል። ግማሹን ቃል ትምህርት ቤት አላስተማሯትም። ግማሹ ግን በደንብ ገብቷታል። አባቷ የልብ ሕመም እንዳለባቸው ስለምታውቅ ዋጥ አደረገችው።

ወደ እኔ የመጣችው ከቀናት በኋላ ነው። ወረቀቱን ከሒሳብ ደብተሯ መካከል አወጣችና “እትዬ፣ ሱቃችን ሊዘጋ ነው እንዴ?” አለችኝ። ከመታጠፍና ከመዘርጋት ብዛት እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ እያወጣች ስታነበው ኖራለች።

ጉዳዩ ራሱ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ለአባቷ ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፤ ሄደው ተነጋገሩ፣ ዕዳውን ከፋፍለው ለመክፈል ተስማሙ፤ አለቀ። እኔን የከነከነኝ በመካከል ያሉት ሌሊቶች ናቸው። አዋቂ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰው የሚያማክረው ሰው ይፈልጋል፤ ዘመድ ይጠራል፣ ጓደኛ ይጠይቃል። እሷ ማንን ታማክር? ወሬው የሚመለከታቸው ሰው ራሳቸው ከእሷ አፍ እየጠበቁ ናቸው። አባቷ በዚህ ጥፋተኛ አይመስሉኝም። ልጃቸውን የሚወዱ፣ ለእሷ ሲሉ ሌሊት የሚነሱ ሰው ናቸው። ደብዳቤ እንድታነብላቸው ሲጠሯት የቤቱን ዕዳ እያሸከሟት እንደሆነ በሐሳባቸውም አልመጣ።

ሌላው ከሥራዬ የማውቀው ነው፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለውጫለሁ። ሴትዮዋ ከሆሳዕና አካባቢ ገጠር ወንጂ ልጃቸው ዘንድ የመጡ እናት ናቸው። ከሀዲይኛ በቀር ሌላ አይሰሙም። ይዟቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሦስት ቋንቋ እየቀያየረ ይናገራል።

“ምን ያማቸዋል?” አልኩት።

ጠየቃቸው። “ሆዷን ነው” አለ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከድሮ።”

“ሲሸኑስ ያማቸዋል?”

ልጁ ዝም አለ። ዐይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። ጥያቄውን አላደረሰላቸውም። እሳቸው ደግሞ ምን እንደተባለ ከልጁ ፊት ገምተው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ልጁን ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ የጽዳት ሠራተኛችንን ጠራሁ፤ የሆሳዕና ልጅ ናት። መጥረጊያዋን በሩ ላይ አስደግፋ ገባች፣ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፣ ከጎናቸው ተቀመጠች። ስለ አገር ቤት ትንሽ ተጫወቱ። ከዚያ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ማህፀናቸው ወጥቷል። የመጨረሻ ልጃቸውን ከወለዱ ወዲህ እንደዚያው ሆነው ውሃ ሲቀዱ፣ እንሰት ሲፍቁ፣ ከባድ ሲሸከሙ ኖረዋል። ለማንም አልተናገሩም። ይህ ሕመም መድኃኒት የሌለው አይደለም፤ እንደ ደረጃው በጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ፣ በመደገፊያ ቀለበት ወይም በቀዶ ሕክምና ይረዳል። ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍንላቸው። በሩን ስከፍት ልጁ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፤ “ሆዷ ይድናል?” አለኝ። “ይድናል” አልኩት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩለትም።

ያን ዕለት ተናድጄ ነበር ቤቴ የገባሁት። ፈረቃ ላይ ስለነበረ መምጣት ያልቻለው አባቱ አላናደደኝም፤ እንጀራ ነው። ያናደደኝ፣ አንዲት እናት ገመናዋን ለወንድ የልጅ ልጇ ትናገር ወይም ሕመሟን ይዛ ትመለስ የሚል አሠራር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋስ? የምትከፈለው ለመጥረግ ነው። በየጤና ተቋሙ ጥበቃዎች፣ ጽዳቶችና ካርድ ክፍል ያሉ ሠራተኞች ሳይከፈላቸው፣ ሳይሠለጥኑ፣ ማንም ሳያመሰግናቸው የሰውን ሕመም ሲያስተረጉሙ ይውላሉ። እነሱ ባይኖሩ ብዙ ሰው ሳይታከም ይመለስ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ፣ የፍርድ ቤቱ ክርክር በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን ድንጋጌ ባነበብኩ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነውን ልጅ ለአያቱ ክስ አስተርጓሚ አድርጎ የሚያቆም ዳኛ አይኖርም። ሕመም ከክስ በምን ያንሳል?

መድኃኒት ላይ ሲደርስ ነገሩ ከኀፍረትም ያልፋል። የባለቤቴን እናት አዮ ብለን እንጠራቸዋለን፤ የአርሲ ሰው ናቸው፣ አሁን አብረውን ይኖራሉ። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በአንድ የግል ክሊኒክ የደም ግፊት ተገኝቶባቸው አምሎዲፒን ታዝዞላቸው ነበር። ይህ ክኒን በየቀኑ አንዴ የሚዋጥ ነው፤ ደህና ነኝ ተብሎ የሚተው አይደለም። ያን ቀን አብራቸው የነበረችው የባለቤቴ እህት ልጅ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ለእሷ መድኃኒት ማለት ሲያም የሚወሰድ፣ ሲሻል የሚተው ነገር ነው፤ በዕድሜዋ ከዚያ ሌላ አይታ አታውቅም። ራሳቸውን ሲያማቸው እንዲውጡ ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደተባሉት አደረጉ። ቤታችን ሲመጡ ከሻንጣቸው ያልተነካ ክኒን በብዛት ወጣ፤ ግፊታቸውን ስለካ 190 በ110 ነበር። የደም ግፊት ሳያምም የሚጎዳ በሽታ ነው፤ ብዙ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ስትሮክ ሲመታው ነው። በእኛ ቤት እዚያ አልደረሰም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቷ ግን ይህን ብታውቅ ዕድሜ ልኳን ምን ይሰማት ነበር? አልነገርናትም፣ አንነግራትምም።

ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው። የራሳችን ትልቋ ልጅ በሁለት አያቶች መካከል ነው ያደገችው። እናቴ መብራት ኃይል አካባቢ ትኖራለች፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ከአዮ ጋር ይዋደዳሉ፣ ይከራከራሉም። ሕፃኑ ፀሐይ ይሙቅ፣ አይሙቅ፤ ቅቤ ይቀባ፣ አይቀባ። አንዷ “ንገሪያት!” ትላለች፣ ሌላዋም “ንገሪልኝ!” ትላለች። ልጄ እንጀራዋ እፊቷ እየደረቀ ወዲህና ወዲያ ታደርሳለች። ደግሞም ሁሉንም እንዳለ አታደርስም። ሻካራውን ታለሰልሳለች፣ ምርር ያለውን ትተወዋለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም፤ ልጅ ሰላም ስለሚፈልግ ያደርገዋል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንዳይቀያየሙ ኃላፊነቱን የወሰደችው እሷ ናት።

እናም ቤታችን ውስጥ ተስማማን። ሕመም፣ ገንዘብና ጠብ በልጅ አፍ አያልፍም። አዮ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ልጃቸው ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ይሄዳል፤ ካልቻለ እኔ እሄዳለሁ። አያቶቹ ሲከራከሩ የሚያስተረጉመው ባለቤቴ ነው፤ የሁለቱንም ቁጣ መቻል አለበት፣ እየቻለም ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ደግሞ ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ብቻ ይጫወታል፤ እናቴ እሑድ ስትመጣም ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ተቆጣች፤ “በስተርጅና ትምህርት ቤት ልታስገቡኝ ነው?” አለች። አሁን እንዴት እንዳደሩ፣ ዝናቡ አርሲ ላይ እንዴት እንደዋለ፣ እህሉ እንዴት እንደሆነ ትጠይቃለች። መልሱን ሁሉ አትሰማም። አዮም የአማርኛ ቃል ሲመጣላቸው ጣል ያደርጋሉ። ሁለቱ እንዲህ ሲጣጣሩ ልጄ ክፍሏ ገብታ ታጠናለች፤ የማስፈልገው የለም ብላ መሄድ መቻሏ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ባለሱቁ ጎረቤታችንም ቁቤ እየቆጠሩ ነው። የሚከብዳቸው የእንግሊዝኛ ልማድ ያለው ሰው ሁሉ የሚከብደው ነው፤ ኤክስ የሚባለው ፊደል እዚህ የ“ጠ”ን፣ ሲ የ“ጨ”ን፣ ኪው የ“ቀ”ን ድምፅ ይይዛል። ይህን ከለመዱ በኋላ ግን የሱቅ ስምና የመንገድ ምልክት ማንበብ ጀመሩ። የሚያስተምራቸው ልጃቸው ናት። በዚህ ቅር አይለኝም፤ ለአባት ፊደል ማስተማር ሌላ ነው፣ ዕዳውን ማርዳት ሌላ ነው። እሷም ስታርማቸው ደስ እንደሚላት ዐይቻለሁ።

ይህን ሐሳብ ለሰው ስናገር የምሰማው ተቃውሞ አንድ ነው፦ ልጅ ካልታዘዘ ምኑን ልጅ ሆነ፣ እኛስ እንዲህ አይደል ያደግነው? ልጅ መላክ ባህላችን መሆኑ ትክክል ነው፣ እኔም ልጆቼን እልካለሁ። ገበያ ላይ ለአያቷ ዋጋ ትጠይቅ፣ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ትነጋገርላት፣ ቴሌቪዥን ላይ የተባለውን ትንገራት። በሁለትና በሦስት ቋንቋ ማደግ የአዳማ ልጆች ትልቅ ሀብት ነው፤ ልጄ አንድ ቋንቋ ብቻ ይዛ ብታድግ አዝን ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ሊሸከመው የማይችለውን ነገር በአፉ ሲያሳልፍ ነው። አያቱ ካንሰር እንዳለባት ከሐኪሙ ሰምቶ ራሱ ሊነግራት የሚገደድ ልጅ የተላከው ጨው ሊገዛ አይደለም። አባቱ ሥራ ሊለቅ መሆኑን፣ እናቱ ለምን እንደምታለቅስ፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ ልጅም እንደዚሁ። ትምህርት ቤት ደግሞ “የቀረሁት ለቤተሰብ ጉዳይ ነው” ይላል፤ መምህሩም ሰነፍ ነው ብሎ ይመዘግበዋል።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ልጅ ይዞ የመጣ ታካሚ ሲገባ ዐይናችን ልጁ ላይ አይረፍ፤ ሕመምተኛውን እንይ፣ ለእሱም እንናገር። ሌላ አዋቂ ካለ እንጠይቅ፤ ከሌለ ስልክ አለ። የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራው ባይወጣም ስልኩን ማንሳት ይችላል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ በስልክ ማስተርጎም በልጅ ከማስተርጎም እጅግ ይሻላል። ሴት ታካሚ ከሆነች ሴት እንፈልግላት። መድኃኒት ስንሰጥ “ገባችሁ?” ብለን አንሸኝ፤ ሁሉም ሰው አክብሮን “አዎ” ይለናል። መቼና ስንት እንደሚውጡ ራሳቸው መልሰው እንዲነግሩን እንጠይቅ፤ ያኔ ስሕተቱ ካለ እዚያው ይገኛል። አዮ ያን ቀን ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ “ራሴን ሲያመኝ” ይሉ ነበር፣ ሐኪሙም ያርማቸው ነበር።

በጤና ጣቢያችን በቅርቡ ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። ከሠራተኛው ማን ምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ በየትኛው ፈረቃ እንደሚገኝና ስልኩን ይዟል። የጽዳት ሠራተኛዋ ስም ከላይ ነው፤ ስታስተረጉም የሚያልፈው ሰዓት ከሥራዋ እንዲቆጠርላት ኃላፊዎቹን ጠይቀን ተስማምተውልናል። የታካሚን ምስጢር ስለመጠበቅም ከሁሉም ጋር ተነጋግረናል። ወላይትኛና ጉራጊኛ የሚናገሩ ሁለት ሁለት ሰዎች አግኝተናል። ለከምባትኛ ያለን አንድ ወንድ ጥበቃ ብቻ ነው፤ ሴት እየፈለግን ነው። ስልጢኛ ግን እስካሁን የለንም፤ የሚችል ሰው ሠፈራችሁ ውስጥ ካለ፣ ፈቃደኛም ከሆነ፣ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሄዶ ስሙን ቢያስመዘግብ ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል።